ከዳለቻ ኋላ

ቃሲም ከፊት አይሄድም። ቀብር ሲወጣ ከሕዝቡ መጨረሻ ነው። ከጎረቤት ጋር ወደ ቦኖሻ ገበያ ሲወርድ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁሉንም ያስቀድማል። ወጣቶቹ "ጋሽ ቃሲም፣ ይቅደሙ እንጂ" ሲሉት "ሂዱ፣ ሂዱ" ይላቸዋል። ለትሕትና ብሎ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ነድቷል፤ ከብት የሚነዳው ደግሞ ከኋላ ነው።

ሰፈሩ ከቦዮ ሐይቅ ዳር ነው። ክረምት ሲገባ ከሆሳዕና ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ሐይቁን ይሞላዋል፤ ሜዳው ረግረግ ይሆናል። ረግረጉ መሃል ግን ውሃ የማይወጣበት ጉብታ አለ፤ ሣሩ ለምለም ነው። በየዓመቱ የሰፈሩ ሰው ከብቱን አንድ ላይ አድርጎ ለቃሲም ያስረክበዋል። ቃሲምም ጉብታው ላይ ጎጆ ቀልሶ ውሃው እስኪጎድል ያግዳል። ሰው ከረግረጉ በሚቆረጥ የደንገል እስር ተንሳፍፎ በአቋራጭ ይሻገራል። ለከብት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በውሃው ሥር የተጋደመ ጠንካራ መሬት። ጠባብ ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ከላይ አይታይም። ከዚያ የወጣ ከብት ጭቃው እግሩን ይዞ አይለቅም።

መንገዱን የምታውቀው ዳለቻ ነበረች።

አመድማ አሮጊት ላም ነች። አንድ ቀንዷ ወደ ታች ታጥፏል፤ አንገቷ ላይ ቃጭል አለ። ጉልበተኛ አልነበረችም፤ ወይፈኖቹ ከጨው ላይ ገፍተው ያባርሯት ነበር። ግን ስትነሳ ሌሎቹ ይነሳሉ። ውሃው ዳር ስትደርስ ታሸታለች፣ አንድ እግሯን ታስገባለች፣ ትቆማለች። መንጋውም ይቆማል። ከዚያ ትገባለች። ከጎኗ የማይጠፉት ጥቂት ላሞች ይከተሏታል፤ እነሱን ሌሎቹ ይከተላሉ። ከኋላ ያሉት ዳለቻን አያዩም። እያንዳንዱ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጭራ ነው። የመጨረሻውን ጭራ ቃሲም ይይዛል።

"ይሄ መንጋ ያንተን ፉጨት ነው የሚሰማው" ይሉታል የሰፈሩ ሰዎች። ቃሲም አያስተባብልም።

ዳለቻ የእሱ አልነበረችም። ባለቤቷ ሆሳዕና የሚኖረው የአጎቱ ልጅ ኢልያስ ነው፤ የአይሱዙ ሹፌር። በአገሩ ልማድ ላም በአደራ ይሰጣል፤ ወተቱ ለጠባቂው፣ ጥጃው ለባለቤቱ። ዳለቻ መውለድ ካቆመች ቆይታለች። ወተትም የለ፣ ጥጃም የለ። መስከረም ላይ ኢልያስ አይሱዙውን ይዞ ውሃው ዳር መጣ።

"ለያሆዴ ቅርጫ ሸጫታለሁ" አለ። ያሆዴ የሐዲያ አዲስ ዓመት ነው፤ ሰው ተቧድኖ ያርዳል። "አውጣትና ልጫናት።"

"እንግዲያው መንጋውን አብሬ ላውጣ" አለ ቃሲም።

ባለከብቶቹ አልተስማሙም። ሣሩ ገና አላለቀም። ሚስራ የምትባለው ባልቴት፣ ሁለት ጥገቶች ያሏት፣ "ወዲህ ወጥተው ምን ሊበሉ? የእኔን ቀሚስ?" አለች። ሰዉ ሳቀ።

"አንዲት ላም ነው ያልኩህ" አለ ኢልያስ። "ሠርግ አደረግከው እኮ።"

ቃሲም ሊከራከር ይችል ነበር። ግን ላሟ የሰው ናት። ደግሞስ ምን ይላል? ዓመት በዓመት "ያንተን ፉጨት ነው የሚሰሙት" ሲሉት ዝም ብሎ ኖሯል።

ዳለቻን ከፊት አድርጎ ከጉብታው ሲወርድ መንጋው ተነሥቶ ተከተለ። ይህን ያሰበበት ሰው አልነበረም። ተሻግረው የመጡት ወንዶች ዱላ ይዘው በጉብታው በኩል ውሃው ዳር ተሰለፉ። ከብቱ መጣ፤ መቱት። ተመልሶ መጣ፤ አፍ አፍንጫውን መቱት። ዳለቻ ውሃው መሃል ደርሳ ስትጮህ እንደገና መጡ፤ እንደገና ተመቱ። መጨረሻ ላይ ቆሙ። አይሱዙው ሲነሳ ሁሉም ወደዚያ እያዩ ነበር።

ከዚያ ደጋው ላይ ዘነበ። ክረምቱ ወጣ ብለው ተዘናግተው ነበር። ቦዮ ባንድ ጊዜ ሞላ፤ ውሃው ወደ ጉብታው መውጣት ጀመረ። የሰፈሩ ወንዶች ተሻግረው ከቃሲም ጋር ከብቱን ሊያወጡ ሞከሩ። ቃሲም አፏጨ። ከብቱ ወደ ውሃው ወረደ፤ የተመታበት ቦታ ሲደርስ ቆሞ ዞረ። ሲገፉት የፊተኞቹ ወደ ኋላ፣ የኋለኞቹ ወደ ፊት እየተጋፉ ክብ ሠሩ። አንዷን ላም በገመድ ጎትተው አስገቡ። በገመዱ ተወጥራ ውሃው ውስጥ ተኛች፤ ሌሎቹ ሸሹ።

ከወረዳው የእንስሳት ባለሙያዋ ርብቃ መጣች። በደንገል እስር ተሻግራ፣ ሱሪዋ እስከ ወገቧ ርሶ፣ ከብቱ የሚዞርበትን ቦታ ቆማ አየች።

"እዚህ ጋ መትታችኋቸዋል?"

ከወንዶቹ አንዱ ዱላውን ወደ ኋላው ደበቀ።

"የምትመራው የትኛዋ ናት?"

"ሆሳዕና ነው ያለችው" አለ ቃሲም።

"በሕይወት?"

"አላውቅም።"

"ሌላ መላ ብነግርዎት ውሸት ይሆንብኛል፣ አባቴ" አለች። "ሮጠው ያምጧት።"

ቃሲም ሆሳዕና መናኸሪያ ሲወርድ ተሸካሚዎቹ ከበቡት፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የለበሰ፣ ዕቃ የሌለው ሰው መሆኑን ሲያዩ ተበተኑ። ኢልያስ ወደ ገዢዎቹ ወሰደው። ግቢው የመምህር ጥሩሰው ነበር። ዳለቻ ከአቮካዶ ዛፍ ሥር ታስራ የእንሰት ቅጠል ትበላለች። ቀና ብላ አየችው። ወደ ቅጠሏ ተመለሰች።

የቅርጫው ሰዎች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ቃሲም ነገራቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"አላህ ያሳያችሁ፣ አውሱኝ" አለ። "በፈንታዋ ከመንጋው የፈለጋችሁትን ውሰዱ። ወይፈን ውሰዱ።"

"ወይፈኑ የታለ?" አለ ጴጥሮስ የሚባለው፣ የእህል ነጋዴ።

"ውሃ ውስጥ ነው።"

ጴጥሮስ ሊስቅ ብሎ ተወው።

"እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም" አለ ጥሩሰው። "ጴጥሮስ?"

"ሌሎቹ ካሉ እኔ ምን አለኝ?"

"እኔም ሌሎቹ ካሉ" አለ ሦስተኛው።

"ዕንባቆም ነው የሚወስነው፤ ሰብሳቢያችን እሱ ነው" አለ ጥሩሰው።

ዕንባቆም ዱራሜ ለቅሶ ሄዷል። ስልኩ ተዘግቷል። ደጋግመው ደወሉ። ሌሎች የቅርጫው አባላት እየመጡ ነገሩን ከመጀመሪያው ይሰሙና "ያሳዝናል" ይላሉ፤ ዞር ብለው የተቀመጡትን ያያሉ፤ ይቀመጣሉ። እምቢ ያለ ሰው አልነበረም። ሊፈታት የተነሳም የለም። ለቃሲም ሻይና ዳቦ አመጡለት። በመጨረሻ ነገ እስከ ቀትር ዕንባቆምን እንጠብቅ ተባባሉ፤ ቃሲም ኢልያስ ቤት አደረ።

ጠዋት ሚስቱ ፋጡማ ደወለች።

"ጎጆህ ውሃ ገባው። ከብቱ ጫፉ ላይ ተጠጋግቶ ቆሟል። አንተ የት ነህ?"

"እየለመንኩ ነው።"

"ማንን?"

ቃሲም ማንን እንደሚለምን ሊነግራት ፈለገ፤ ስም አጣ።

ኢልያስ አይሱዙውን ሊያስነሳ ሄደ፤ ቃሲምም ጊዜ ላለማጥፋት አብሮት ሄዶ ነዳጅ ቀዱ። እነሱ በሌሉበት አራጁ መጣ። የያሆዴ ሰሞን አራጅ ብዙ ግቢ ይጠብቀዋል፤ ቢላውን እየሳለ "የታለች?" አለ። አንዱ ገመዱን ፈታ። ሌላው ገመድ ሲፈታ አይቶ ቀንዷን ያዘ። ጴጥሮስ እግሯን ያዘ። ጥሩሰው ከቤት ሲወጣ ሰዎቹ ይዘዋት አየ፤ ዕንባቆም ደውሎ ይሆናል ብሎ አሰበ። እያንዳንዱ ሌላው የሰማው ነገር ያለ መሰለው። እጅግ ጸጥ ያለ ሥራ ነበር።

አይሱዙው በሩ ላይ ሲቆም ቆዳው እየተገፈፈ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የጥሩሰው ስልክ ጠራ። ዕንባቆም ነው።

"ስጡት እንጂ!" ሲል ድምፁ ለሁሉም ተሰማ። "ይሄ ደግሞ እኔን ያስጠይቃል?"

ጥሩሰው ስልኩን ይዞ ቃሲም ፊት ቆመ።

"ምን ልስጥዎት፣ አባቴ? ሥጋውን እንኳ አይበሉልን።"

"ቃጭሉን" አለ ቃሲም።

ቦዮ ሲደርሱ ከጉብታው የቀረው ጫፉ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ዳር ላይ ቆሟል። ቃሲም በደንገል እስር ተሻገረ። ቃጭሉን በሲባጎ አንገቱ ላይ አሰረ። የሳቀ ሰው የለም። ወደ ውሃው ወርዶ አንገቱን ነቀነቀ።

የመንጋው ጭንቅላት ሁሉ ቀና አለ። መጀመሪያ ከዳለቻ ጎን የማይጠፉት ላሞች መጡ። የተመቱበት ቦታ ደርሰው አሸተቱ፤ ቆሙ። ቃሲም አንድ እግሩን አስገብቶ ቆመ፣ እሷ እንደምታደርገው። ከዚያ ገባ። ገቡ። እነሱን ሌሎቹ ተከተሉ። ዳር ያለው ሰው እልል አለ።

ከፊት ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነበር። መንገዱን በየዓመቱ ተመላልሶበታል፤ የሚያውቀው ግን ከኋላ ነው፤ የያዘው ጭራ ሲታጠፍ ይታጠፋል። አሁን ከፊቱ ጭራ የለም። ውሃው ቡናማ ነው፤ ሁሉ ቦታ አንድ ነው። በዱላው ታች ታቹን እየወጋ ሄደ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አገኘው። ሁለተኛው ላይ ዱላው ሰመጠ። ወደ ጎን ወጋ፤ ሰመጠ።

ቆመ። ከኋላው ያለችው ላም ቆመች። ከእሷ ኋላ ያሉት ግን አልቆሙም፤ እሱን አያዩም፤ የሚያዩት ጭራ ነው። ቃጭሉን በመዳፉ አፈነው። ግፊያው ቀጠለ።

"ወደ ቀኝ!" ጮኸች ፋጡማ ከዳር። "ዳለቻ ወደ ቀኝ ነበር የምትታጠፈው!"

"ወደ ግራ ነው!" አለ አንዱ። ከዚያ ሁሉም ጮኸ፤ የሚሰማ ቃል ጠፋ።

ቃሲም ወደ ቀኝ ሄደ። ጥቂት እርምጃ እንደሄደ መሬቱ ከእግሩ ሥር ጠፋ። ከኋላው መጡ። መጥተው አለፉት፤ ደንገሉ ውስጥ ገቡ። በመንገዱ ላይ የቀሩት ሌሎቹ ሲሰምጡ አይተው ወደ ግራ አፈገፈጉ፤ ግራው ጠንካራ ነበር። ተንፏቀው በዚያ ወጡ። ቃሲምን አንዷ ላም ጎትታ አወጣችው፤ ጭራዋን ይዞ።

የሰፈሩ ሰው ሲያወራ "ግማሹ ተረፈ" ይላል። የሚስራ ሁለት ጥገቶች ከግማሹ አይደሉም። ማንም ምንም አላለውም፤ ኢልያስ ብቻ አንድ ቀን ደውሎ ጤንነቱን ጠየቀው።

ከብቱን ዛሬም እሱ ይነዳል። የሚነዳ ሌላ ሰው የለም። ቃጭሉን ውሃው ወስዶታል። ጠዋት የበረቱን በር ይከፍትና እንደ ድሮው ከኋላ ሊሆን ወደ ጎን ይቆማል። ከብቱ ይወጣል፣ ይቆማል፣ አንገቱን አዙሮ እሱን ያያል።

"ሂዱ" ይላቸዋል። "ሂዱ።"

አይሄዱም። እስኪቀድማቸው ይጠብቃሉ።