ሾፌር ያደረገኝ አስተርጓሚ

ይህ ከደረሰብኝ ወዲህ ሁለት ረመዳን አልፏል። ከመሬት ለመነሣት ግድግዳ በያዝኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ እረሳዋለሁ ብዬ አላስብም።

ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። የምኖረው ጅዳ፣ ጉለይል ውስጥ ከአምስት የወሎ ልጆች ጋር ሲሆን ሥራው ግን አብዛኛውን ጊዜ መካ ነበር። ጠዋት ባሕራ በምትባለው ከተማ በኩል እንሄዳለን፣ ቀኑን ሙሉ ተንበርክከን እንውላለን። ከጉልበቴ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም።

አንድ ቀን መካ ላይ ካርቶን ሴራሚክ ተሸክሜ ደረጃ ስወርድ እግሬ ተጠመዘዘ። የግራ ጉልበቴ ጅማት ተበጥሷል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ተባለ። የእኔ ዐረብኛ ከሲሚንቶና ከውኃ ብዙም አያልፍም። ጓደኞቼ «ጀማልን ይዘህ ሂድ» አሉኝ።

ጀማል ጅዳ ሃያ ዓመት የኖረ ያገራችን ሰው ነው። ምን እንደሚሠራ በትክክል የሚያውቅ የለም። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ሽቶውን አርከፍክፎ፣ የሰው ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ከዐረብ ጋር ሲያወራ ይሽቆጠቆጣል፤ ከእኛ ጋር ሲያወራ ሰዓቱን ያያል። ያን ጊዜ እኔም እንደ ሌላው አዋቂ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሙ ጉልበቴን ከፊትም ከኋላም እየነካ ብዙ ከተናገረ በኋላ ስለ «ሹግል» ጠየቀ። ሥራ ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ጀማል ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳይል «ሰዋቅ» አለው፤ ሾፌር ማለቱ ነው። ሐኪሙ ጻፈና ከጉልበቴ ሎሚ በታች በብዕር ምልክት አደረገ።

ስንወጣ «ለምን ሾፌር አልከው?» አልኩት።

«ኢቃማህ ምን ይላል? ሾፌር አይደል? ደግሞ በእንዲህ ያለ ትልቅ ዶክተር ፊት ሴራሚክ አንጣፊ ነው ብዬ ላዋርድህ? ኻላስ፣ ጨርሼልሃለሁ» አለኝ።

እውነት ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዴ የወጣው በቤት ሾፌርነት ነው። በሕይወቴ መሪ ጨብጬ አላውቅም። እኔ ጅሉ ግን «ጀዛከላህ ኸይር» ብዬ አመሰገንኩት።

ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ከአምስት ወር በኋላ መራመዱ ደህና ሆነ። የግራ ጭኔ ግን ቀጥኖ ሱሪው ሰፋው። ልንበረከክ ስል ሎሚዬ ሥር ምስማር የተመታ ያህል ያመኛል። ስፖርት የምታሠራኝ ባለሙያ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። ሥራዬን ጠየቀችኝና ነገርኳት። ፋይሉን አየች፤ መልሳ እኔን አየች።

«እዚህ ሾፌር ነው የሚለው» አለችኝ። «ወንድሜ፣ የተበጠሰውን ጅማት የሚተኩት ከራስህ እግር ሌላ ጅማት ወስደው እኮ ነው። ከጭንህ ጀርባ ሲወስዱ እግር የሚያጥፈው ጡንቻ ይደክማል። ከሎሚው ሥር ሲወስዱ ደግሞ የፊት ጭንህ ይሳሳል፣ መንበርከክም ያማል። ሐኪሙ ሥራህን የጠየቀህ ለዚህ ነው። ያንተን የወሰደው ከሎሚው ሥር ነው። ተንበርክከህ እንደምትውል ቢያውቅ ከጀርባ ይወስድልህ ነበር።»

ጭኑ በስፖርት ይመለሳል አለችኝ። ስለ መንበርከኩ ግን ቃል አልገባችልኝም።

ለጀማል ስነግረው «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው» አለ። የራሱን ውሸት በአላህ ላይ ሲያላክክ ምላሱ እንኳ አልተያዘም።

ዛሬ ሴራሚክ ቆርጬ አቀብላለሁ፤ የሚያነጥፉት ሌሎች ናቸው። መስጊድም ከሽማግሌዎቹ ጋር ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምሰግደው።

ባለፈው ሳምንት ጀማል ደወለ። የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ተነሥቶበታል። «ያላ፣ አንተ ጎበዝ ነህ፣ ናና አንጥፍልኝ» ይለኛል፣ ሳያፍር።

«እኔ ሾፌር ነኝ» ብዬ ዘጋሁበት።

አጠገቤ የነበሩት ጓደኞቼ በሳቅ ሞቱ። እኔም ስቄያለሁ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ጀማልን የምንቀውን ያህል ያን ቀን «ሰዋቅ» ሲባል ሰምቶ ዝም ያለውንም ሰው እንቀዋለሁ። «ላ» ብሎ አይደለም ለማለት ዐረብኛ አያንሰኝም ነበር።