ጨረቃን የምታነሳው ካሜራዬና የአባቴ ፎቶ

ዛሬ ጠዋት አየር ጤና አንድ ፎቶ ቤት ገብቼ የአባቴን ፎቶዎች አሳየሁ። ፎቶ አንሺው ሁሉንም አይቶ «ወንድሜ፣ አንዱም አይሆንም» አለኝ።

አባቴ ትናንት አረፈ። ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነበር። እህቴ «ካሜራ ያለህ አንተ ነህ፣ ከሬሳ ሳጥኑ ፊት የሚያዝ ፎቶ አሳጥብ» ብላ ላከችኝ።

ካሜራዬን እዚህ ገጽ ላይ ስንቴ አሞግሻታለሁ። ርካሽ ናት፣ ዙሟ ግን ጉድ ነው። ጨረቃን ከነጠባሳዋ አንስቼባታለሁ።

ቤት ውስጥ ግን አትረባም። አባቴ ሳሎን ሲስቅ፣ ሲጸልይ፣ የልጅ ልጁን ሲያቅፍ ያነሳሁት ሁሉ ጭጋግ ነው። «ሲተልቅ ፊታቸው ይጠፋል» አለኝ ሰውዬው።

ጨረቃ እንኳ የሚታጠብ ፎቶ አላት። እሷ ደግሞ አትሞትም።

በመጨረሻ ጥርት ያለ አንድ ፎቶ ተገኘ። ካሜራዋን የገዛሁ ሰሞን ዙሟን ልሞክር ብዬ ከኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ያነሳሁት ነው። አባቴ ታች ፌርማታው ጋ ብቻውን ቆሟል። የላላው የኮቱ ቁልፍ ክር ሳይቀር ይታያል።

እሱን አሳጠብኩ።

ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ ፎቶውን እያየ «አባትህ ወዴት እያዩ ነው?» ይለኛል።

ቤቴል ክሊኒክ ለመሄድ ታክሲ እየጠበቀ ነበር። ከቤት ሲወጣ «አብረኸኝ ትሄዳለህ?» ሲለኝ «ሥራ አለኝ» ብዬዋለሁ።

ሥራዬ ዙም መሞከር ነበር።

ሰው የሞተባችሁ፣ እናንተስ የትኛውን ፎቶ አሳጠባችሁ? ያነሳው ሰው የት ቆሞ ነበር?