አባቴ ምንም የማያውቅ ሰው የሆኑበት ክረምት

የስብከተ ወንጌል ሥልጠና በስልክ ልማር መሆኔን ስነግራቸው አባቴ ዳዊታቸውን አጥፈው አዩኝ። ዳባት ዳር ባለች አንዲት ደብር መሪጌታ ናቸው። እሳቸው ለትምህርት ከመካነ ብርሃን በእግራቸው ወጥተው፣ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው እየዞሩ፣ ቁራሽ እየለመኑ ነው የተማሩት። ከመምህር እግር ሥር ቁጭ ሳይባል እውቀት ይገኛል ብለው አያምኑም።

«ስትሳሳቺ ስልኩ ያርምሻል?» አሉኝ።

«መምህራን አሉበት አባባ። ፊታቸውንም አያለሁ፣ ድምፃቸውንም እሰማለሁ።»

«እንግዲያው ሞክሪው» አሉና ዳዊታቸውን መልሰው ገለጡ።

ያን ጊዜ ደባርቅ መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። በሥራ ቀን አክስቴ ቤት አድራለሁ፤ አርብ አርብ በሚኒባስ ወደ ዳባት እመለሳለሁ። ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ መልስ ነው። ሠልጣኞቹ ከወለጋም፣ ከጋሞም፣ ከሸዋም ነበሩ። ከሁሉም የተግባባኋት ግን አንዲት የጂንካ ልጅ ናት። ስለ ደባርቅ ብርድ ስነግራት ስትስቅ ድምፅዋ የክፍሉን ትምህርት ያቋርጥ ነበር።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው በእኛ አካባቢ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ስልክ ይደወላል፤ ትምህርት ግን አይመጣም። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። በሦስተኛው አስተባባሪው ደወሉልኝና የቀሩትን ርእሶች አንድ በአንድ አስጻፉኝ። «ራስሽ አንብቢ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ በቃል እንፈትንሻለን። ካልተዘጋጀሽ ግን ከዚህ ዙር ትቀሪያለሽ» አሉኝ። ትምህርት ቤትም ለክረምት ተዘግቶ ነበርና ልብሴን ሰብስቤ ዳባት ገባሁ። እናቴ ፊቴን ስታይ ማን ሞተ ብላ ደነገጠች።

አባቴ ጉዳዩን ሰምተው አልተሳለቁም። እኔ ግን «አላልኩሽም?» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ዝናቡ ቤት አዋለን፤ በሩ አጠገብ ተቀመጡና «ምን ቀረሽ?» አሉ። ደብተሬን ገለጥሁ።

«ደብተሩን ተይው። እኔ ስለ ክርስቶስ ሰምቼ የማላውቅ ሰው ነኝ እንበል። ከብት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ አያቶቼ ያወረሱኝ እምነትም አለኝ። አንቺ ቤቴ እንግዳ ሆነሽ መጣሽ። ምን ትይኛለሽ?»

ጉሮሮዬን ጠራረግሁና «ምሥጢረ ሥጋዌ ማለት» ብዬ ጀመርሁ።

«ሥጋዌ ምንድን ነው?»

«አምላክ ሰው መሆኑ፣ በተዋሕዶ…»

«ተዋሕዶስ?»

ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግእዝ ያስተማሩ፣ ቅኔ ሲዘርፉ ሊቃውንቱን ከመቀመጫቸው የሚያስነሡ ሰው፣ አንዲት የግእዝ ቃል ከአፌ በወጣች ቁጥር «አልገባኝም» እያሉ ይመልሱኝ ጀመር። እንዲህ ሆነን ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «አባባ፣ እርስዎ ያውቁታል እኮ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም።

«እኔማ አውቀዋለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «በምትላኪበት አገር የሚጠብቅሽ ሰው ግን አያውቀውም። በማያውቀው ቃል ብታናግሪው እንግዳ አክባሪ ስለሆነ ራሱን ይነቀንቅልሻል። አንቺም የገባው ይመስልሻል።»

እናቴ ጥግ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። ቀና ሳትል «ሕፃናቱን እንዴት ነው የምታስተምሪያቸው? እንደዚያ ንገሪው» አለች።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ወንዝ ሲጮህ ይሰማል። እንዲህ አልኋቸው፦ «ከብት ሊጠብቁ የሄዱ ልጆችዎ ወንዝ ሞልቶባቸው ማዶ ቀሩ እንበል። መሽቷል፤ መሻገሪያውን አያውቁትም። እርስዎ ከዚህ ማዶ ሆነው መንገዱን እየጮኹ ይነግሯቸዋል? ወይስ ወንዙ ውስጥ ገብተው ይሻገሩላቸዋል?»

«እሻገራለሁ እንጂ!»

«እግዚአብሔርም ተሻገረ። እኛ ወዳለንበት እኛን ሆኖ መጣ። እኔ የመጣሁት ይህን ልነግርዎት ነው።»

አባቴ ጺማቸውን ይዘው «ሲሻገር ውሃው አልወሰደውም?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን የጠየቁኝ ሊያርሙኝ ነበር። ያን ቀን ግን ወሬው እንደያዘው ሰው ሆነው ጠየቁ። ስለ መስቀሉና ስለ ትንሣኤው እስከ ሠርክ ጸሎት ነገርኋቸው።

ኢንተርኔቱ የተመለሰው መስከረም ላይ ነው። ፈተናው ሲደርስ አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው አብረውኝ ደባርቅ ሄዱ፤ አክስቴ ቤት ካሜራው የማያያቸው ቦታ ተቀመጡ። ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ቄስ «ጥምቀትን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው አስረጂልን» አሉኝ። አንዲት የግእዝ ቃል ሳልጠቀም ጨረስሁ። አባቴን በጎን ሳያቸው መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«እንዲህ መናገር ማን አስተማረሽ?» አሉ ቄሱ።

ስልኩን ወደ አባቴ አዞርሁት። ቄሱ አባቴ መሪጌታ መሆናቸውን ከአለባበሳቸው አውቀው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አባቴም ስልኩ ፊት ተነሥተው እጅ ነሡ።

«እኔ አላስተማርኋትም» አሉ። «እኔ የማያውቅ ሰው ሆኜ ተቀመጥሁ፤ እሷ አስተማረችኝ።»

ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ይህ ቃላቸው ልቤን ሞላው።

ምድቤ ከጂንካ አልፎ ያለ መንደር ሆነ፤ ከዚያች ከሣቂዋ ጓደኛዬ ጋር። ዜናው ሲሰማ አንዳንዶች «ሴት ልጅ ብቻዋን፣ ያን ያህል አገር?» ብለው እናቴን አስጨነቋት። እናቴ ለእነሱ «መሪጌታው ፈትነው አሳልፈዋታል» ትላለች፤ ለእኔ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት።

«አገሩ ይበርዳል?»

«ይሞቃል እማ።»

ይህን ሰምታም አንድ ጋቢ ሻንጣዬ ውስጥ ከታች አኖረችው። አላወጣሁትም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ምእመናኑ ፊት ቆሙ። ስለ ራሳቸው ልጅ በአደባባይ ተናግረው አያውቁም። «ልጄ ለወንጌል ትሄዳለች። ጸልዩላት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሴቶቹ እልል ሲሉ ግን ሰው እንዳያያቸው ፊታቸውን ወደ ቤተ መቅደሱ አዞሩ።

ትኬቴን ቆርጫለሁ፤ የምሄደው ሐሙስ ነው። ጓደኛዬ የአገሩን ሰላምታ በድምፅ ቀድታ ልካልኛለች፤ ጠዋት ጠዋት እለማመዳለሁ። ዛሬ አባቴ በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡኝ ቆዩና ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስደውልልሽ የምታርፊበትን ቤት ባለቤት ሰላም ልለው ይገባል» አሉ። «በይ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አስጠኚኝ። ስሳሳት እያረምሽ።»

ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ፤ ሦስት ጊዜ አረምኋቸው። በአራተኛው በትክክል አሉት።