እንቅብ የተደፋበት አበባ

ደብረ ማርቆስ በተከራየሁበት ግቢ አንድ እንዳሁላ በጣሳ ተክዬ፣ ውርጩ እንዳይጎዳው ከአከራዬ ከእማማ ውባለም ሳሎን አስቀመጥሁት። ቅጠሉ ወፈረ፤ አበባ ግን እምቢ አለኝ። ጠዋትም ማታም እየሄድሁ «ዛሬም የለም?» እያልሁ አፈጥበት ነበር።

ታዲያ እማማ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ እንቅብ ይደፉበትና ጠዋት ከሄድሁ በኋላ ያነሱለት ጀመር።

«ምነው እማማ፣ ዶሮ አደረጉት እኮ!»

«የሰው ዓይን እንዳይበላው ነው።»

ሳቄን ዋጥሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠርተውኝ እንቅቡን ገለጥ ቢያደርጉት ቀይ አበባ ተንዠርግጓል! ጎንበስ ብዬ ላየው ስል ቶሎ መልሰው ደፉበት።

«ኧረ እማማ፣ ማንም የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ!»

«አውቃለሁ ልጄ። እስከ ዛሬስ ከማን የምደብቀው መስሎህ ነው?»