ክር አንጠልጣይዋ

የደረት ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የአክታ ምርመራ ውጤት ለምንጠብቅ ሰዎች ሥራችን ሳልና ሐሜት ነው። ዛሬ የሐሜቱ ተራ የደረሰው ጥፍሯ ሰማያዊ ለሆነው ሴትዮ ነው። የጥፍር ቀለም እንዳይመስላችሁ፤ የመኪና ቀለም ነው፣ ጆሮዋ ሥር ሳይቀር ተረጭቷል።

ከሻርፗ ጫፍ ክር መዘዘችና በሁለት ጣቷ አንጠለጠለችው። ክሩ ወደ እኛ ዘመመ። ወንበር ቀየረች። በሩ ሲከፈት ክሩ ዞሮ ሌላ መንገድ ያዘ፤ እሷም ሌላ ወንበር።

"ንግሥቲቱን የእኛ ትንፋሽ አልተስማማትም" አሉ ከጎኔ ያሉት እትዬ፣ እንድትሰማ አድርገው።

እኔ ደግሞ ወሬ ሳላጣራ ምሳ አይወርድልኝም። "የኔ እናት፣ ክሩ ምን ያደርግልሻል?"

"አየር ታምቆ ሳለ ጨዋ ነው" አለች ዓይኗን ከክሩ ሳትነቅል። "ከቀለም መርጫው ሲወጣ ነው የሚያብደው። የመኪና በር ቀባሁ ስትል ቀለሙን ተሸክሞ ጎረቤት መስታወት ላይ ያሳርፍልሃል። ሳልረጭ በፊት መንገዱን በክር አያለሁ።"

"እና አሁን ከእኛ መሸሽሽ ነው?"

ተነስታ ሁላችንም ብርዱን ፈርተን የተውነው ክፍት መስኮት ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ክሩ ወደ ውጭ ተዘረጋ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳለችው፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ለረጅም ጊዜ ይዛው የቆየችውን ሁሉ።

እትዬ አቀረቀሩ።

"ቤት ጡት የሚጠባ ልጅ አለኝ" አለች ትንፋሿ ሲመለስ። "ውጤቱ ካልቀና የት እንደማስተኛው እያሰብኩ ነው። ክፍላችን አንድ ነው፣ መስኮት የለውም።"

ነርሷ ስትጠራት ክሩን በጣቷ ላይ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።