መብራት ሲሄድ የጨረስኩት ፊልም

አሶሳ ላይ መብራት የሚሄደው ሰዓት ጠብቆ ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራስህን ላጭቶ ሲያበቃ፣ ወይም ፊልሙ ሊያልቅ ሲል። ግድቡ እኮ እዚሁ ክልላችን ነው ብለህ ብትጮህ የሚሰማህ የለም።

ያን እሑድ ከሰዓት ቪዲዮ ቤት የሄድኩት አምሮኝ አልነበረም። ግቢ የምንጋራው ጎረቤቴ በዚያ ክፉ ጊዜ ድባጤ ላይ ቤቱ ተቃጥሎበት የመጣ ሰው ነው። ቤቱን ጠቁሞ ያስቃጠለው የገዛ ወዳጁ መሆኑን በቅርቡ ሰማና ሰኞ ጠዋት ወደዚያው ሊሳፈር ቆረጠ። ሚስቱ፣ «ቲቸር፣ ገጀራውን ከልብሱ ጋር ጠቅልሎታል። በሞቴ፣ እስቲ ሐሳቡን አስቀይርልኝ» ብላ አለቀሰችብኝ።

እኔ ደግሞ ጉድ ነኝ! ሐሳቡን ላስረሳው ብዬ ምን እንደሚታይ እንኳ ሳልጠይቅ ቪዲዮ ቤት ይዤው ገባሁ። ወዳጆቹ በሐሰት አሳስረውት፣ ከእስር አምልጦ አንድ በአንድ የሚበቀላቸው ሰው ታሪክ ሆኖ አረፈው። ከድጡ ወደ ማጡ! ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ ተማሪ ሳለሁ አንብቤዋለሁ። ጎረቤቴ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል፤ እኔ ራሴን እረግማለሁ። ተበቃዩ የመጨረሻው ጠላቱ ደጅ ሲደርስ ድርግም!

እዚያ ቤት መብራት ሲሄድ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይተርካል። «መምህሩ ያውቀዋል!» አሉ።

ተነሥቼ መጽሐፉ እንዳለው ነገርኳቸው። ጠላቱን አሳበደው፤ በዚያው በቀል ግን ምንም የማያውቅ ትንሽ ልጅ ሞተ። ተበቃዩ ልጁን ታቅፎ ሊያድነው ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር?» አለኝ ጎረቤቴ።

«ዘጠኝ ግድም።»

«የዚያ ቤቴን ያስቃጠለው ሰውዬ ልጅም እንደዚያው ነው። ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

ይኼኔ መብራት መጣ፤ ምነው በቀረ! ተበቃዩ ጠላቱን በጎራዴ ጣለና የጥንት እጮኛውን አቅፎ በመርከብ ሄደ። የሞተ ልጅ ብሎ ነገር የለም። ሰዉ ቤቱን በሳቅ ቀወጠው። «ቲቸር፣ ከየት ያመጣኸው ነው?» እነዚያን ፊልም ሠሪዎች ባገኛቸው! ያን የመሰለ መጽሐፍ አበላሽተው የእኔንም ድካም ውኃ አስበሉት።

ከጎረቤቴ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። ግቢያችን በር ላይ ቆመና፣ «የቱ ነው እውነቱ?» አለኝ።

«መጽሐፉ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።

ሰኞ ጠዋት የገጀራ ድምፅ ቀሰቀሰኝና ክው አልኩ። ወጥቼ ሳይ አውቶቡሱ ከሄደ ቆይቷል፤ ጎረቤቴ ጓሮ ቁጭ ብሎ ለአጥራችን ቀርከሃ ይሰነጥቃል። ቀና ሳይል፣ «የክርስትና ልጄ ትምህርት ቤት ገብቶ ይሆን?» አለኝ።