ያረፈደች ፀሐይ

ወይዘሮ ሐመልማል ቀጨኔ ውስጥ ያላሞቁት ሕፃን የለም ማለት ይቻላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲል ቅቤ ቀብተው፣ በራቸው ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው፣ ጀርባውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። የእኔም ጀርባ በእጃቸው አልፏል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ይህን የሚያስታውስ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ባለፈው ኅዳር የመጨረሻ ልጃቸው ሙሉ ኖርዌይ፣ ሰሜኑ ጫፍ ላይ፣ ሴት ልጅ ወለደች። ሊያርሷት ተነሡ። ወንድማቸው ጋሽ ወልዱ ሊሰናበቱ መጥተው፣

«እዚያ በኅዳር የጠለቀች ፀሐይ እስከ ጥር አትወጣም አሉ» አሏቸው። «ሰው ሲኦል የሚገባው ሞቶ ነው፤ አንቺ ቪዛ ለምነሽ ትሄጃለሽ?»

«አንተ እስከ ቀትር እየተኛህ መቼ አይተሃት ታውቃለህ?»

ጋሽ ወልዱ ግን አልዋሹም። እዚያ እኩለ ቀን ገደማ ሰማዩ ትንሽ ይገረጣና መልሶ ይጨልማል። አንዲት ነርስ ለሕፃኗ የቫይታሚን ጠብታ አመጣች። ፀሐይን ይተካል አለች፤ ሙሉ አስተረጎመች። ወይዘሮ ሐመልማል ጠብታውን አልከለከሉም። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ልጅቷን ቅቤ ቀብተው ከጨለመው መስኮት ስር ተቀመጡ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያሞቅኳት።»

«በምኑ?»

«ፀሐይዋ ብትቀር እኛ አንቀርም።»

በየጠዋቱ እንዲሁ አደረጉ። ሙሉ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ በኋላ ቅቤውን ራሷ ታቀርብ ጀመር።

የመመለሻቸው ቀን ከጥምቀት በፊት ነበር። ፀሐይ የምትመለሰው ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ነው።

«ትኬቱን ቀይሪው» አሉ።

«ጥምቀትን ቤትሽ እንድታከብሪ ብዬ እኮ ነው።»

«ታቦቱ እኔ ባልኖርም ይወርዳል። ይችን ልጅ ማን ያሞቃታል?»

«እማዬ፣ ብትወጣም ለጥቂት ደቂቃ ነው።»

«ይበቃናል።»

ትኬቱ ተቀየረ። ሙሉ በስልኳ የቀረጸችውን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቀትር ላይ ከበረዷማው ተራራ ጫፍ ቀጭን ብርሃን ብቅ ይላል። ወይዘሮ ሐመልማል ሳይቸኩሉ ጨርቁን ይገልጣሉ፤ ትንሿ ጀርባ ወርቅማ ትሆናለች፤ ሕፃኗ ታስነጥሳለች። እሳቸው በመስኮቱ ፀሐይዋን ትክ ብለው ያዩአታል፤ ዘግይቶ የገባ ልጅ እንደሚታይ።

«አረፈድሽ» ይሏታል። «ነገም በሁለት ሰዓት እንጠብቅሻለን።»